ጎሹ፣ ነጩ ወፍና የሰሜኑ ደን

በዚህ እትም ጥናታችንን የምናደርገው ከአገራችን እጅግ ርቆ በሚገኝ፣ ከመካከላችን ማንም እግሩ ባልረገጠው ምድር ላይ ነው። ይኸውም በካናዳ ሰሜናዊ ክፍል የሚገኘው ውድ ባፋሎ ብሔራዊ ፓርክ ነው። «ውድ» የሚለው ቃል ሲነበብ የእኛው ውድ እንዳይመስለን፤ በእንግሊዝኛ ጫካ ማለት ነው። ስለዚህ ስሙ ወደ አማርኛ ቢመለስ «የጫካ ጎሽ ፓርክ» የሚል ይሆናል። በጽሑፉ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም ከወዲሁ እናሳስባለን።

ፓርኩ የተቋቋመው በ1922 ነው። ስፋቱ 44,741 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሆነ ከስዊዘርላንድ አገር ይበልጣል። ከካናዳ ብሔራዊ ፓርኮችም በስፋት የሚስተካከለው የለም። የሚበዛው ክፍሉ በአልበርታ ክፍለ ሀገር፣ የቀረው ደግሞ ከእርሱ በስተሰሜን ባለው ግዛት ውስጥ ይገኛል። በ1983 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው፤ የእኛ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ከአምስት ዓመት በፊት በ1978 ገብቶ ወደነበረበት መዝገብ መሆኑ ነው።

ምድሩ ተራራ የሚበዛበት አይደለም። ሜዳማ ነው፤ ደን፣ ረግረግ፣ ኩሬና ወንዝ እየተፈራረቁ ይሄዳሉ። ይህ ደን «ቦሪያል» የሚባለው የሰሜን ደን አካል ነው፤ ስሙም የጥንት ግሪኮች የሰሜንን ነፋስ ይጠሩበት ከነበረው ቦሪያስ ከሚለው ስም የወጣ ነው። ደኑ ከአላስካ ተነሥቶ ካናዳን አቋርጦ ይሄድና በስካንዲኔቪያና በሩሲያ በኩል የምድርን ራስ እንደ መቀነት ይዞራል። በዚያ አካባቢ በታኅሣሥ ወር ፀሐይ የምትታየው ስድስት ሰዓት ገደማ ለሚሆን ጊዜ ሲሆን፣ በሰኔ ግን ወደ 19 ሰዓት ያህል ትቆያለች። የክረምቱ ብርድ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ የሚደርስበት ጊዜ አለ።

በእንዲህ ያለ ብርድ ውስጥ ዛፍ እንዴት ይኖራል ብለን ብንጠይቅ መልሱ ከቅጠሉ ይጀምራል። የሚበዙት ዛፎች ስፕሩስና ፓይን የሚባሉት የጥድ ወገኖች ናቸው። ቅጠላቸው መርፌ መሰል ነው፤ በሰም የተሸፈነ ስለሆነም ውኃው በቀላሉ አይተንበትም። ቅርንጫፎቻቸው ወደ ታች ያዘነበሉ በመሆናቸው በረዶው ሲከብድባቸው ይንሸራተታል እንጂ አይሰብራቸውም። በረግረጉ ላይ የሚበቅለው ጥቁር ስፕሩስ ግን ያሳዝናል፤ መቶ ዓመት ኖሮ ግንዱ ከሰው የእጅ አንጓ ላይወፍር ይችላል። ከሥሩ ያለው አፈር በአንዳንድ ስፍራ ዓመቱን ሙሉ በረዶ ሆኖ የሚኖር በመሆኑ ሥሩ ወደ ጥልቀት መውረድ አይችልምና። ታማራክ የሚባለው ዛፍ ደግሞ መርፌ ቅጠል እያለው በመጸው ቢጫ ይሆንና ቅጠሉን ያረግፋል።

ጃክ ፓይን የሚባለውን ለብቻው መጥቀስ ይገባል። ፍሬው በሙጫ የታሸገ ነው፤ ለብዙ ዓመታት ከዛፉ ላይ ሳይከፈት ይቆያል። ሙጫውን የሚያቀልጠው ከፍ ያለ ሙቀት፣ ይልቁንም የደን ቃጠሎ ነው። ዛፉ ራሱ ይቃጠላል፤ ፍሬው ግን በዚያው ቃጠሎ ተከፍቶ ዘሩን በአመድ ላይ ይበትናል። አመዱ መሬቱን ያዳብራል፣ ጥላ የሚጥል ትልቅ ዛፍም የለም፤ ስለዚህ ቡቃያው ፀሐይ ያገኛል። እንግዲህ በሰሜኑ ደን እሳት የቆየ ነዋሪ ነው ብንል አልተሳሳትንም። ሆኖም ሁሉም ነገር በልኩ ነው። በ2023 ደረቅ ወራት ተከታትለው የተነሣው ቃጠሎ ከተለመደው ያለፈ ነበር፤ በዚያው ዓመት በፓርኩ አጠገብ የሚገኙት የፎርት ቺፐዋያንና የፎርት ስሚዝ ነዋሪዎች፣ የመጀመሪያዎቹ በግንቦት መጨረሻ ሁለተኛዎቹ በነሐሴ፣ ቤታቸውን ዘግተው እንዲወጡ ተደርጓል።

አራዊቱም ክረምቱን የሚያልፉበት ጥበብ የየራሳቸው ነው። ጥንቸሉ በበጋ ቡናማ፣ በክረምት ነጭ ይሆናል፤ እግሩም ሰፊ ስለሆነ በበረዶ ላይ አይሰጥምም። እርሱን አድኖ የሚኖረው ሊንክስ የተባለው የዱር ድመትም እንዲሁ ሰፊ መዳፍ አለው። ጥንቸሎቹ በዐሥር ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ እጅግ ይበዙና ይመናመናሉ፤ ሊንክሶቹም ተከትለዋቸው ይበዛሉ፣ ተከትለዋቸው ያልቃሉ። ይህ የታወቀው የጥንት የቆዳ ነጋዴዎች በየዓመቱ የገዙትን ቆዳ ከመዘገቡበት ደብተር ነው። የንግድ መዝገብ የሥነ ፍጥረት መማሪያ ይሆናል ብሎ ያኔ ማን አሰበ!

ከሁሉ ይልቅ እኛን ያስደነቀችን ግን አንዲት ትንሽ የጫካ እንቁራሪት ናት። ክረምት ሲመጣ በረገፈ ቅጠል ሥር ትገባለች እንጂ ጥልቅ ጉድጓድ አትቆፍርም። ስለዚህ ብርዱ ያገኛታል። ገላዋ ውስጥ ያለው ውኃ የሚበዛው ክፍል በረዶ ይሆናል፤ መተንፈስ ታቆማለች፤ ልቧም ቀጥ ይላል። ሆኖም በረዶው መሥራት ሲጀምር ጉበቷ ብዙ ስኳር ወደ ደሟ ይለቅቃል፤ ይህም ስኳር የአካሏ ሕዋሳት ከውስጥ እንዳይቀዘቅዙና እንዳይፈነዱ ይጠብቃቸዋል። የጸደይ ሙቀት ሲደርስ በረዶው ይሟሟል፣ ልቧ መምታት ይጀምራል፣ ተነሥታም ወደ ኩሬዋ ትሄዳለች።

ቢቨር የሚባለው ትልቅ አይጥ መሰል እንስሳ ደግሞ አይተኛም፣ አይቀዘቅዝም፣ አይሰደድም። ይሠራል እንጂ። ዛፍ በጥርሱ ቆርጦ፣ ጭቃና ድንጋይ ጨምሮ ወራጅ ውኃን ይገድባል። ግድቡ ኩሬ ያበጃል፤ ኩሬው ጥልቅ ስለሚሆን እስከ ወለሉ አይቀዘቅዝም፤ ቢቨሩም ለቀለብ ያከማቸውን ቅርንጫፍ ከበረዶው በታች እየዋኘ ይበላል። በዓለም እስካሁን ከታወቁት የቢቨር ግድቦች ረጅሙ የሚገኘው በዚሁ ፓርክ ውስጥ ነው፤ ርዝመቱ 850 ሜትር ያህል ነው። የተገኘውም በ2007 ከሳተላይት በተነሣ ምስል ላይ ነበር። የብዙ ቢቨር ትውልዶች ሥራ ነው።

በፓርኩ ምሥራቃዊ ክፍል ጨው ያለበት ሜዳ አለ። ከ300 ሚሊዮን ከሚበልጡ ዓመታት በፊት በዚያ ስፍራ ባሕር ነበረ፤ ባሕሩ ሲደርቅ ጨውና የጄሶ ድንጋይ ትቶ ሄደ። ዛሬ የከርሰ ምድር ውኃ ያንን ጨው እያሟሟ በምንጭ ያወጣዋል፤ ውኃው ሲተን ነጭ ቁልል ይቀራል። ጄሶውም በውኃ ስለሚሟሟ መሬቱ በየስፍራው ይሰረጉዳል፤ በጉድጓዶቹና በዋሻዎቹም ውስጥ እባቦች ተሰብስበው ክረምቱን ያሳልፋሉ። በዚህን ያህል ሰሜን እባብ መገኘቱ ብርቅ ነው።

አሁን ወደ ነጩ ወፍ እንለፍ። ሁፒንግ ክሬን ይባላል፤ ስሙ ከጩኸቱ የወጣ ነው። አንገቱም እግሩም ረጅም፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል፣ በሰሜን አሜሪካ ከሚገኙት ወፎች ሁሉ ረጅሙ ነው። ሰውነቱ ነጭ፣ የክንፉ ጫፍ ጥቁር፣ አናቱ ቀይ ነው። በአደንና ረግረጉን አንጣፎ በማረስ ምክንያት ቁጥሩ እየመነመነ ሄዶ በ1941 ክረምት ሲቆጠር በሰሜንና በቴክሳስ ጠረፍ መካከል ከሚመላለሱት ውስጥ የተገኙት 15 ወይም 16 ብቻ ነበሩ። ሁሉም በአንዲት ጠባብ ክፍል ቢሰበሰቡ ኖሮ መምህር ስም እየጠራ ሊቆጥራቸው ይችል ነበር ማለት ነው።

ችግሩ ክረምቱን በቴክሳስ የት እንደሚያሳልፉ ቢታወቅም በጸደይ ተነሥተው የት እንደሚፈለፍሉ የሚያውቅ ተመራማሪ አልነበረም። ጎጆአቸው ካልታወቀ ደግሞ መጠበቅ አይቻልም። ለዓመታት በአውሮፕላን ጭምር ሲፈለጉ ቆይተው አልተገኙም። በመጨረሻ በ1954 የደን ቃጠሎ ለመከታተል የወጡ ሰዎች ከሄሊኮፕተር ቁልቁል ሲመለከቱ ሁለት ነጭ ታላላቆችንና አንዲት ጫጩት በረግረግ ውስጥ አዩ። ስፍራው ውድ ባፋሎ ፓርክ ነበረ! ለጎሽ ተብሎ በ1922 የተከለለው መሬት ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ሳያውቅ የወፉንም ጎጆ ሲጠብቅ ኖሮ ተገኘ። ያ መሬት ለእርሻ ወይም ለማዕድን ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ወፉ የት እንደጠፋ እንኳ የሚያውቅ አይኖርም ነበር ብለን እናምናለን።

ከዚያ በኋላ ብዙ ድካም ተደርጓል። ወፉ ዘወትር ሁለት እንቁላል ይጥላል፤ የሚያሳድገው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ነው። ስለዚህ ከ1967 ጀምሮ ከአንዳንዱ ጎጆ አንድ አንድ እንቁላል እየተወሰደ በዩናይትድ ስቴትስ በሰው እጅ ይፈለፈል ጀመር። በ1975 ደግሞ እንቁላሎቹን በአይዳሆ የሌላ ዓይነት ክሬን ጎጆ ውስጥ በማኖር ሞግዚት እንዲያሳድጋቸው ተሞከረ። ጫጩቶቹ ያለ ችግር አደጉ፤ ነገር ግን ራሳቸውን እንደ አሳዳጊዎቻቸው ስለቆጠሩ ከራሳቸው ወገን ጋር ሊጋቡ አልቻሉም። ሥራው ተቋረጠ። በኋላ ጫጩት የሚያሳድጉት ሰዎች ነጭ ልብስ ለብሰው፣ ፊታቸውን ሸፍነው፣ የክሬን ራስ የሚመስል አሻንጉሊት በእጃቸው ይዘው መመገብ ጀመሩ፤ ጫጩቱ ሰውን እንደ እናቱ እንዳያይ ነው። ዛሬ በዚህ ፓርክ የሚፈለፈሉትና ወደ ቴክሳስ የሚመላለሱት ከ500 በላይ ደርሰዋል። መንገዳቸው በአንድ ወገን 4,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኛም አገር በብርዱ ወራት ከሰሜን መጥተው በጣና ሐይቅ ዙሪያ የሚከርሙ የክሬን ዘመዶች ስላሉ፣ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ዘመድ ያለው አንባቢ ሄዶ ቢያያቸው የነገሩ ስሜት ይገባዋል።

ከፓርኩ ደቡባዊ ምሥራቅ ፒስ፣ አታባስካና በርች የሚባሉ ወንዞች ይገናኛሉ። በመገናኛቸውም ሰፊ ረግረግና ሐይቅ ሠርተዋል። ወደ ባሕር ሳይደርሱ በየብስ ውስጥ ከሚሠሩ የዓለም ትላልቅ ደለል ምድሮች አንዱ ነው። በፍልሰት ወራት ስፍር ቁጥር የሌላቸው ዳክዬዎችና ዝይዎች ያርፉበታል። የዚህ ምድር ሕይወት የተመሠረተው በጎርፍ ላይ ነው። ጸደይ ሲመጣ የወንዙ በረዶ ይሰበርና እየተንሳፈፈ ሄዶ ይቆለላል፤ መንገዱን ይዘጋል፤ ውኃው ወደ ኋላ ተመልሶ ከወንዙ ከፍ ብለው ያሉትን ኩሬዎች ሁሉ ይሞላል። ያለዚህ ጎርፍ እነዚያ ኩሬዎች ይደርቃሉ፤ ሣሩም ቦታውን ለቁጥቋጦ ይለቃል።

በ1968 ከፓርኩ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ በፒስ ወንዝ ላይ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የቤኔት ግድብ ውኃ መያዝ ጀመረ። ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ነው። በክረምት ኃይል ስለሚፈለግ ውኃው ይለቀቃል፤ በጸደይና በበጋ ደግሞ ይጠራቀማል። ይህ የወንዙን ጠባይ ገለበጠው። የጎርፉ ነገር ሲዳከም ኩሬዎቹ መድረቅ ያዙ። የሰው ልጅ ኤሌክትሪክ አይሻ ልንል አንችልም፤ እኛም ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው በመብራት ነው። ግን ከላይ ያለው ሰው ውኃውን ሲይዝ ከታች ያለው እንደሚጎዳ ለወንዝ ዳር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ከታች ያሉት እነማን ናቸው? ክሪ፣ ዴኔና ሜቲ የሚባሉት የአገሩ ሰዎች ናቸው። ከፓርኩ በፊት በዚያ ያደኑ፣ ያጠመዱና ዓሣ ያወጡ ነበር። በ1899 ከመንግሥቱ ጋር ስምንተኛው ውል የሚባለውን ሲፈራረሙ አደናቸው እንደማይነካ ተነግሯቸው ነበር። ፓርኩ ከተቋቋመ በኋላ ግን ማን በውስጡ ማደን እንደሚችል በፈቃድ ተወሰነ፤ ከአባቶቻቸው መሬት የተገለሉ ቤተ ሰቦችም ነበሩ። እንስሳውን ለማዳን የወጣ ሕግ ሰውን ሲያስለቅስ ማየት ደስ የሚል ነገር አይደለም። ልጆቻቸው ግን ዝም አላሉም። የሚኪሱ ክሪ ሕዝብ በፓርኩ ውስጥ ሊሠራ ስለታሰበ የክረምት መንገድ ተከራክሮ በ2005 በአገሪቱ የበላይ ፍርድ ቤት ረታ፤ መንግሥት ሳያማክራቸው መወሰን እንደማይችል ተፈረደ። በ2014 ደግሞ ስለ ውኃው መድረቅና በአታባስካ ወንዝ ላይ ስላለው የዘይት አሸዋ ማዕድን ለዩኔስኮ አቤት አሉ። በ2016 መርማሪዎች መጡ፤ በ2019 መንግሥት የማስተካከያ ዕቅድ አወጣ። ሆኖም በዚያው በፒስ ወንዝ ላይ ሳይት ሲ የተባለው አዲስ ግድብ በ2024 ውኃ መያዝ ጀምሯል።

ለፓርኩ ስሙን የሰጠውን እንስሳ ለመጨረሻ ያቆየነው ነገሩ ከሁሉ ይልቅ ከባድ ስለሆነ ነው። ባይሰን ይባላል። በልማድ ጎሽ ቢሉትም ከእኛ ጎሽ የተለየ ነው፤ ትከሻው ላይ ትልቅ ሻኛ፣ ራሱና አንገቱ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ጠጉር አለው። በሬው ከ900 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል። ሁለት ዓይነት አለ፤ የሜዳ ባይሰንና ከእርሱ የሚገዝፈው የጫካ ባይሰን። በክረምት ራሱን እንደ አካፋ እያወዛወዘ በረዶውን ይጠርግና ከሥሩ ሣር ይበላል። ተኩላዎችም ይከተሉታል፤ ተኩላና ባይሰን ሳይቋረጡ አብረው የኖሩበት ስፍራ ይህ ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የጫካ ባይሰን ጥቂት መቶ ብቻ ቀርቶ ነበር። ፓርኩ ሲቋቋም ወደ 1,500 ገደማ አንሰራርቷል። በዚያ ቢተው ኖሮ ታሪኩ ባማረ። ነገር ግን በምሥራቅ አልበርታ ዌንራይት በሚባል ስፍራ በአጥር ተይዘው የነበሩ የሜዳ ባይሰኖች ከመጠን በላይ በዙ። የሳር እጥረት መጣ፤ የከብት ሳንባ ነቀርሳም ገብቶባቸው ነበር። እንረዳቸው ሲባል ሕዝቡ ተቆጣ። ስለዚህ ባለሥልጣኖቹ ወጣት ወጣቶቹን መርጠው ወደ ሰሜን ለመላክ ወሰኑ፤ ወጣት ከሆነ በሽታ አይኖርበትም የሚል ግምት ነበራቸው። የሥነ እንስሳት ምሁራን በሽታው ይተላለፋል፣ ሁለቱ ዘሮችም ይቀላቀላሉ ብለው ተቃወሙ። አልተሰሙም። ከ1925 እስከ 1928 ድረስ 6,673 ባይሰን በባቡርና በጀልባ ተጭነው ወደ ፓርኩ ገቡ። ምሁራኑ የፈሩት ሁሉ ደረሰ። ዘሮቹ ተቀላቀሉ፤ የሳንባ ነቀርሳና የውርጃ በሽታ የሚባለው ብሩሴሎሲስ በመንጋው ተሰራጨ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ አባሰንጋም እየተነሣ ፈጅቷቸዋል፤ የእርሱ ዘር በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል።

በ1957 ግን ከሌሎቹ ተለይቶ በኒያርሊንግ ወንዝ አካባቢ የሚኖር፣ ይበልጥ የጫካውን ዓይነት የሚመስል መንጋ ተገኘ። ከእርሱም በ1963 ዐሥራ ስምንት እንስሳት ከፓርኩ ወጥተው ከትልቁ ባሪያ ሐይቅ ማዶ ባለ ጥብቅ ስፍራ ተለቀቁ፤ በ1965 ሌሎች ወደ ኤልክ አይላንድ ፓርክ ተወሰዱ። ከኤልክ አይላንድ ዘሮች በ2006 ሠላሳ ያህሉ ወደ ሩሲያ ያኩቲያ ተላኩ፤ በ2015 ደግሞ ከመቶ በላይ የሚሆኑት በአላስካ ዱር ተለቀቁ። ጤነኞቹን ከታመሙት ለመለየትም ከ1987 ጀምሮ በመካከላቸው ባይሰን የማይገባበት መሬት ተከልሎ ይጠበቃል።

በ1990 መንግሥት የሰየመው ኮሚቴ አንድ ምክር አቀረበ፤ በፓርኩና በዙሪያው ያሉት የታመሙ መንጋዎች በሙሉ ይገደሉ፣ በቦታቸውም ጤነኛ የጫካ ባይሰን ይተካ የሚል ነበር። ከብት አርቢዎች ደገፉት፤ በሽታው ከብቶቻቸው ላይ እንዳይደርስ ይሰጋሉና። ለጤነኞቹ መንጋዎች የሚያስቡም ነበሩ። የአገሩ ሰዎችና ሌሎች ብዙዎች ግን አጥብቀው ተቃወሙ። በሺህ የሚቆጠር አራዊት ይፈጃል፤ ተኩላውስ ምን ይበላል፤ በዚህ ሁሉ ደንና ረግረግ ውስጥ የመጨረሻው የታመመ ባይሰን መገደሉን ማን ያረጋግጣል አሉ። ምክሩ በሥራ አልዋለም። የታመሙት መንጋዎችም በፓርኩ ውስጥ፣ ተኩላዎቹ እየተከተሏቸው፣ ሣራቸውን ከበረዶ ሥር እያወጡ ይኖራሉ።

ለመጪው እሑድ ውይይት ሁለት ወገን ሆነን እንድንቀርብ ተስማምተናል። አንደኛው ወገን በ1990ው ኮሚቴ ወንበር ተቀምጦ ምክሩን ይደግፋል፤ ሁለተኛው በፎርት ቺፐዋያን አዳኝ ቦታ ሆኖ ይመልስለታል። በየትኛው ወገን መሆን እንደምትፈልጉ ስማችሁን እስከ ዓርብ ድረስ ለጽሑፍ ክፍሉ አስመዝግቡ።